የእንቅርቱ ደም ወዴት ይፈስሳል?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል የአገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብበት። እንቅርት ተረት እስኪወጣለት ድረስ የኖርንበት ሕመም ነው፤ በተለይ አፈሩና ውሃው አዮዲን ባነሰው ደጋ። ዛሬ አንገቱ ላይ እብጠት ያገኘ ሰው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይደርብበታል፦ «ካንሰር ይሆን?»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በታይሮይድ ዕጢ ላይ ከሚገኙ መቶ እብጠቶች ካንሰር የሚሆኑት ከ7 እስከ 15 የሚደርሱት ናቸው። ከባዱ ሥራ እነዚህን ጥቂቶች ከብዙዎቹ መለየት ነው፤ ይህን ደግሞ የሐኪም እጅ ብቻውን አይችለውም።

ስለዚህ ታካሚዋ አልትራሳውንድ ክፍል ትገባለች። በጀርባዋ ትተኛለች፤ አንገቷ እንዲገለጥ ከትከሻዋ ሥር ትራስ ይደረግላታል። በቆዳዋና በመሣሪያው መካከል አየር ከቀረ ድምፁ ስለማያልፍ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ የሚደርስ ንዝረት ነው፤ ይህ መሣሪያ የሚልከው ግን 10 ሚሊዮን ገደማ የሚነዝር ድምፅ ነው። ከሰውነት ውስጥ ነጥሮ የሚመለሰው ማሚቶ በስክሪኑ ላይ ግራጫ ምስል ይሆናል። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ቁልፍ ሲጫን በግራጫው መሐል ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው ቀዩን ደም ቅዳ፣ ሰማያዊውን ደም መልስ አድርጎ ያየዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ በተለመደው አሠራር ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ፣ ሰማያዊው ደግሞ ከመሣሪያው የሚርቅ ደም ነው።

ይህን ጥበብ ያወረሰን ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ ሆኖ ስለ ከዋክብት ብርሃን ሲጽፍ፣ የሞገድ ምንጭ ሲቀርበን ድግግሞሹ እንደሚጨምር፣ ሲርቀን ደግሞ እንደሚቀንስ አስረዳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት ነገሩን ሊፈትን ተነሣ። በዩትሬክት አቅራቢያ ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ጆሯቸው የሠላ ሙዚቀኞችን ከሐዲዱ ዳር አቆመ። ባቡሩ ሲቀርብ ድምፁ ቀጠነ፤ ሲርቅ ወፈረ። በአንገታችን ውስጥ የጥሩምባ ነፊዎቹን ቦታ የሚይዙት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ በቀጥታ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም የማሚቶውን ድግግሞሽ በ1,300 ንዝረት ገደማ ያሳድገዋል። ይህ ልዩነት ጆሯችን የሚሰማው መጠን ስለሆነ በማጉያ ሲወጣ «ሽው፣ ሽው» ይላል።

ለመሆኑ ደምና ካንሰር ምን አገናኛቸው? የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 እንዳስተማረው፣ ዕባጭ ያለ አዲስ የደም ሥር ከአንድና ሁለት ሚሊ ሜትር አልፎ ማደግ ያቅተዋል። ካንሰር ታዲያ የራሱን የደም ሥር ያስበቅላል፤ የሚያስበቅለው ግን በጥድፊያና ያለ ሥርዓት ነው። ጤናማው ሥር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከወፍራም ወደ ቀጭን በወግ ሲወርድ፣ የካንሰሩ ይጠማዘዛል፤ አንዱ ጋ ሰፍቶ ሌላው ጋ ይጠባል።

በዚህ ምክንያት «መሐሉ ብዙ ደም ያለበት እብጠት ካንሰር ነው» የሚል ተስፋ አድሮ ነበር። ተስፋው ግን ሙሉ በሙሉ አልሰመረም። ካንሰር ያልሆኑ ብዙ እብጠቶች በደም ይሞላሉ፤ ካንሰር ሆነው ደም የማይታይባቸውም አሉ። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የነጥብ አሰጣጥ ከሚመዘኑት አምስት ነገሮች መካከል የደም ፍሰት የለም። የሚመዘኑት የእብጠቱ ይዘት፣ የማሚቶው ድምቀት፣ ቅርጹ፣ ጠርዙና ውስጡ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ናቸው።

የተለመደው መሣሪያ የሚያየው ትልልቁን ጎዳና እንጂ ቀጫጭኑን መንገድ አይደለም። በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያዘግም ደም የሚፈጥረው ለውጥ 13 ንዝረት ብቻ ነው። ታይሮይድ ደግሞ የተቀመጠው ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ትልልቅ ደም ቅዳዎች አጠገብ ስለሆነ፣ እነሱ በመቱ ቁጥር ይርገበገባል። ደካማው የደም ምልክት በዚህ ንቅናቄ ይዋጣል። በሚኒሶታ፣ ሮቸስተር የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የያዙት ይህን ችግር ነው። በሴኮንድ እጅግ ብዙ ምስል አንስተው፣ የዕጢውን ንቅናቄ በሒሳብ አርመው፣ የቀጫጭኑን ሥሮች ካርታ ያወጣሉ፤ ከዚያ ውፍረታቸውን፣ ጥምዝምዛቸውንና ቅርንጫፋቸውን ይለካሉ። ጥያቄው «ስንት ደም አለ?» ከሚለው አልፎ «ሥሮቹ እንዴት ተሠሩ?» ሆኗል ማለት ነው። ጥናቱ እስካሁን የተሠራው በጥቂት ታካሚዎች ላይ በመሆኑ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድን አልተካም።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ብዙ ካንሰር ማግኘቱ እንዳይመስለን። ደቡብ ኮሪያ ከ1999 ጀምሮ ብሔራዊ የካንሰር ምርመራ ስታስፋፋ፣ ብዙ ጤነኞች የአንገት አልትራሳውንድም አብረው ተነሡ። በ2011 የተመዘገበው የታይሮይድ ካንሰር መጠን ከ1993ቱ በ15 እጥፍ በለጠ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም። እጅግ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ላያሳምመው ለሚችል ነገር አንገቱን ተቀደደ። ጥሩ የደም ካርታ የሚመሰገነው መርፌና ቢላ የማያስፈልገውን ሰው ከሁለቱም ሲያድን ነው።

አንገትዎ ላይ እብጠት ካገኙ እንግዲህ አይደናገጡ፤ ችላም አይበሉ። የሚጠነክርና ፈጥኖ የሚያድግ ከሆነ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ከቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ፣ ወይም በልጅነትዎ አንገትዎ የጨረር ሕክምና ካገኘ ሐኪም ጋ ለመሄድ አይዘግዩ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ስላዩ ብቻ ግን ፍርዱ ተሰጠ አይበሉ፤ ሐኪምዎን ስለ ጠርዙ፣ ስለ ቅርጹና ስለ መጠኑም ይጠይቁት።