አዲስ ተሽከርካሪን ከዝገት መጠበቅ፦ የሻንሲ መከላከያ ቅብ እንዴት ይመረጣል?

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ተሽከርካሪ ተረክቦ ወደ ሥራ ከማሰማራቱ በፊት ከሚቀርቡለት አገልግሎቶች አንዱ የተሽከርካሪውን የታችኛውን ክፍል በዝገት መከላከያ ማስቀባት ነው። ቅቡ እንደ ተሽከርካሪው የሥራ ቦታ ተመርጦ በንጹሕና በደረቅ ብረት ላይ ሲቀባ የተሽከርካሪውን ዕድሜ ያራዝማል። ያለ በቂ ዝግጅት ሲቀባ ግን እርጥበትንና ጨውን ከሥሩ አፍኖ በመያዝ ሊከላከለው የታሰበውን ዝገት ያባብሳል። ስለሆነም የግዥ፣ የንብረት አስተዳደርና የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊዎች ቀዳሚ ጥያቄያቸው ሊሆን የሚገባው "የትኛው ቅብ ይበረታል?" የሚለው ሳይሆን "ተሽከርካሪው የት ይሠራል? የትኛው ክፍሉስ ለምን ዓይነት ጉዳት ይጋለጣል?" የሚለው ነው።

የዝገት መንስዔ

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ጨው በራሱ ዝገት ባይሆንም ውሃው የኤሌክትሪክ ሙላትን በቀላሉ እንዲያስተላልፍ በማድረግ ሂደቱን በእጅጉ ያፋጥነዋል። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም በላዩ ያለውን ቀለም እየገፋ ያስነሣል። በተነሣው ቀለም ሥር ደግሞ አዲስ እርጥበት ይገባል። አንድ ጊዜ የጀመረ ዝገት ከላይ በመቀባት ብቻ የማይቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

በተሽከርካሪ የታችኛው ክፍል ለጉዳት በብዛት የሚጋለጡት ጭቃ የሚቋጠርባቸው የፓራፋንጎ ውስጠኛ ክፍሎች፣ የላሜራ መገጣጠሚያዎች፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የሻንሲ ቱቦዎችና የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ናቸው። ፒካፖችና የመስክ ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው ራሱን የቻለ ሻንሲ ያላቸው ሲሆን፣ አውቶሞቢሎች ግን ወለላቸውና አካላቸው በአንድነት የተበየደ ነው። በሁለቱም ዓይነት ተሽከርካሪዎች ዝገቱ ከመታየቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሠራል።

ጉዳቱ የንብረት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ከአሜሪካ ማቅረብ ይቻላል። በዚያ አገር በክረምት ወራት በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። እ.ኤ.አ በ2008 ቶዮታ ኩባንያ ከ1995 እስከ 2000 የተመረቱ ታኮማ ፒካፖችን የሻንሲ ዝገት ዋስትና ወደ 15 ዓመት በማራዘም ክፉኛ የተጎዱትን መልሶ ለመግዛት ተገዷል። እ.ኤ.አ በ2016 ደግሞ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ፒካፖችንና ሌሎች ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት የፍርድ ቤት ስምምነት ላይ የደረሰ ሲሆን፣ የስምምነቱ ጠቅላላ ዋጋ እስከ 3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። የክሱ ፍሬ ነገር ሻንሲዎቹ በፋብሪካ በቂ የዝገት መከላከያ አልተደረገላቸውም የሚል ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የታወቀ ስም ያለው ተሽከርካሪም ቢሆን የታችኛው ክፍሉ ሳይመረመር ሊታመን እንደማይገባ ነው።

ፋብሪካው የሚሰጠው ጥበቃ

ተጨማሪ ቅብ ከመግዛት አስቀድሞ ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ጥበቃ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሁኑ ወቅት የሚመረቱ አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች አካላቸው የሚሠራው በዚንክ ከተለበጠ ላሜራ ነው። ላሜራው ከተበየደ በኋላ በቀለም ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል አማካይነት 20 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው የመጀመሪያ ሽፋን ይለብሳል። በመገጣጠሚያዎችና ጠጠር በሚመታቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ ፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ይቀባል። አንዳንድ አምራቾች ክፍት በሆኑ የውስጥ ክፍሎች ሰም ይረጫሉ።

ይህ ጥበቃ ባለበት አዲስ ተሽከርካሪ ላይ የሚጨመረው ቅብ ተግባሩ ፋብሪካው የሠራውን መተካት ሳይሆን ክፍተቱን መሙላት ነው። በዚህም ምክንያት ሻጩ የሰጠውን የዋስትና ሰነድ አስቀድሞ ማንበብ ተገቢ ነው። በበርካታ አምራቾች ዘንድ ላሜራን ለሚበሳ ዝገት የሚሰጠው ዋስትና ከሌላው ዋስትና ተለይቶ የሚጻፍ ሲሆን፣ ቅብ ለማስገባት ሲባል አካሉን በመሰርሰሪያ መብሳት ዋስትናውን ሊያሳጣ ይችላል።

የቅብ ዓይነቶችና ባሕርያቸው

በገበያ ላይ የሚገኙት ቅቦች ስማቸው ብዙ ቢሆንም በባሕርያቸው በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ከሬንጅና ከጎማ የሚዘጋጁ ወፍራም ቅቦች ናቸው። ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ የጠጠር ምትንና የመንገድ ድምፅንም ይቀንሳሉ። ጉድለታቸው ግን በጊዜ ብዛት እየደረቁ መሰንጠቃቸው ነው። በስንጥቁ የገባው ውሃ ከቅቡ ሥር ስለሚቀመጥ ላዩ ጥቁርና ጤነኛ መስሎ ሳለ ብረቱ ከሥር ሊበላ ይችላል። መርማሪውም ዝገቱን በዓይን ለማየት ይቸገራል።

ሁለተኛዎቹ እንደ ፒቪሲና ፖሊዩሪቴን ያሉ ጠንካራ ቅቦች ናቸው። ለኮረኮንች መንገድ የሚመረጡትም እነዚህ ናቸው። ይሁንና በደንብ የሚይዙት ከአቧራ፣ ከቅባትና ከእርጥበት ፍጹም በጸዳ ገጽ ላይ ብቻ ነው። አንዴ ከተቀቡ በኋላ ማስለቀቅ አስቸጋሪ በመሆኑ በአቀባቡ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሦስተኛዎቹ የሰም ቅቦች ናቸው። እነዚህ ወደ ቀጫጭን መገጣጠሚያዎች ሰርገው የመግባት ባሕርይ ስላላቸው ለሻንሲ ቱቦዎች፣ ለበር ውስጠኛ ክፍሎችና ለመሳሰሉት ድብቅ ቦታዎች ተመራጭ ናቸው። ልል በመሆናቸው በቀላሉ አይሰነጠቁም። ነገር ግን በጠጠር ምት ይነሣሉ። በቆላማ አካባቢ ሙቀት ሊለሰልሱና ሊንጠባጠቡ ስለሚችሉም አምራቹ የሚፈቅደው የሙቀት መጠን መታየት ይኖርበታል።

አራተኛዎቹ የማይደርቁ የዘይት ቅቦች ሲሆኑ፣ ከበግ ፀጉር ከሚገኘው ላኖሊን የተባለ ቅባት የሚዘጋጁትም በዚህ ምድብ ይጠቃለላሉ። ለመቀባት ቀላል ናቸው፤ ዝገት በጀመረበት ቦታ እንኳ ሰርገው በመግባት ሂደቱን ያዘገያሉ። በአንጻሩ በውሃ እየታጠቡ ስለሚያልቁ በአብዛኛው በየዓመቱ መታደስ ይኖርባቸዋል። አቧራንም ይይዛሉ። ከነዳጅ ዘይት የሚዘጋጁት ደግሞ የጎማ ክፍሎችን ሊያሳብጡ ይችላሉ።

ከእነዚህ ውጪ ዚንክ በብዛት ያለበት አንቲረስት ቀለም አለ። ይህ ቀለም የሚሠራው ዚንኩ እርቃኑን ከሆነ ብረት ጋር ሲገናኝ በመሆኑ የሚጠቅመው ተጠርጎ ለተጠገነ ወይም አዲስ ለተበየደ ቦታ ነው። ጤነኛ በሆነ የፋብሪካ ቀለም ላይ መቀባቱ የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው። በባትሪ ላይ ተገጥመው ዝገትን በኤሌክትሪክ ይከላከላሉ ተብለው የሚሸጡ መሣሪያዎችን በተመለከተም ጥንቃቄ ማድረግ ያሻል። በኤሌክትሪክ የሚደረገው ጥበቃ በባሕር ውስጥ ላሉ መርከቦችና ከመሬት በታች ለተቀበሩ ቧንቧዎች የሚሠራው ብረቱ በውሃ ወይም በእርጥብ አፈር ስለተከበበ ነው። ተሽከርካሪ ግን በአየር የተከበበ በመሆኑ ይህ ሁኔታ አይሟላለትም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1990ዎቹ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ይሸጥ በነበረ ድርጅት ላይ እርምጃ መውሰዱም ይታወሳል።

እንደ ሥራ ቦታው መምረጥ

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚንቀሳቀስ አውቶሞቢል የፋብሪካው ጥበቃ በአብዛኛው በቂ ነው። በአገራችን በመንገድ ላይ ጨው አይበተንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ከክረምት በኋላ የታችኛውን ክፍል ማጠብና መመርመር፣ ቢበዛም በድብቅ ክፍሎች ሰም ማስረጨት ይበቃል።

በኮረኮንችና በጭቃማ መንገድ ለሚሠራ የመስክ ፒካፕ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ጠጠሩ የፋብሪካውን ቀለም ስለሚያነሣ በፓራፋንጎ ውስጥና በበሮች ሥር ጠንካራ ቅብ፣ በሻንሲው ቱቦዎች ውስጥ ደግሞ ሰም ማጣመር ይመረጣል። አንድ ዓይነት ቅብ ለሁሉም ቦታ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ሥራ ጎዶሎ ያደርገዋል።

በአፋር ክልል አፍዴራን በመሳሰሉ ጨው አምራች አካባቢዎች ወይም ወደ ጅቡቲ ወደብ በመመላለስ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ከሁሉም በላይ ለዝገት የተጋለጡ ናቸው። ለእነዚህ በየዓመቱ የሚታደስ የሰም ወይም የዘይት ቅብና በንጹሕ ውሃ አዘውትሮ መታጠብ አስፈላጊ ነው። ወደ አገራችን የሚገቡ አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች በባሕር ተጓጉዘው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፉ በመሆኑም ማንኛውም አዲስ ተሽከርካሪ ከመቀባቱ በፊት የታችኛው ክፍሉ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ መድረቅ ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ የባሕሩ ጨው ከቅቡ ሥር ታሽጎ ይቀራል።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ጉዳይ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚህ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች የሚረከቧቸው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ዋናው ባትሪ በወለሉ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ በነዳጅ መኪና የተለመደውን አቀባብ እንዳለ መከተል አይቻልም። የባትሪው መያዣ፣ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ፣ የማቀዝቀዣ መስመሮቹ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው የከፍተኛ ኃይል ገመዶችና መገናኛዎቻቸው መቀባት የለባቸውም። ሥራው የአምራቹን መመሪያ በመከተል በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ሊከናወን ይገባል።

በማንኛውም ተሽከርካሪ ላይም ቢሆን የፍሬን ዲስኮች፣ ማርሚታና ሌሎች የሚግሉ ክፍሎች፣ ሴንሰሮችና የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከቅብ ነጻ መሆን አለባቸው። በፍሬን ላይ ያረፈ ቅብ የማቆም ኃይልን ይቀንሳል፤ በማርሚታ ላይ ያረፈው ደግሞ ጭስ ያስነሣል፣ ለእሳት አደጋም ምክንያት ሊሆን ይችላል። የተደፈነ የማፍሰሻ ቀዳዳም ውሃን አጠራቅሞ ዝገቱን ያፋጥናል።

በውል ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነጥቦች

አገልግሎቱን በጨረታ ወይም በቀጥታ ግዥ የሚያሠሩ ተቋማት "የዝገት መከላከያ ቅብ" በሚል ጥቅል ቃል ብቻ ውል ሊዋዋሉ አይገባም። በሰነዱ ላይ የቅቡ ዓይነት፣ የሚቀባበት ቦታ በዝርዝር፣ የደረቀው ሽፋን ውፍረት በማይክሮን፣ ከመቀባቱ በፊት የሚደረገው እጥበትና የማድረቂያ ጊዜ፣ እንዲሁም ቅብ የማይነካቸው ክፍሎች ሊሰፍሩ ይገባል። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎች ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር በተሽከርካሪው ማኅደር መያያዝ ይኖርባቸዋል።

አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ በጨው ርጭት የተካሄደ የላቦራቶሪ ሙከራ ውጤት ያቀርባሉ። አይ.ኤስ.ኦ 9227 በተባለው ደረጃ መሠረት በመደበኛው የጨው ርጭት ሙከራ 5 በመቶ ጨው ያለው ውሃ በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለማቋረጥ ይረጫል። ውጤቱ በተመሳሳይ ብረትና በተመሳሳይ ውፍረት የተፈተኑ ቅቦችን ለማወዳደር ይረዳል። ይሁን እንጂ 1ሺህ ሰዓት ተቋቁሟል የተባለ ቅብ በመንገድ ላይ ይህን ያህል ዓመት ያገለግላል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በሙከራው ውስጥ ጠጠርም ሆነ የእርጥበትና የድርቀት መፈራረቅ የለምና።

የዋስትናው ቃልም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ዋስትናው የሚሸፍነው የላሜራ መበሳትን ብቻ ነው ወይስ የገጽ ዝገትንም? ተሽከርካሪው በየስንት ጊዜው ለምርመራ መቅረብ አለበት? አንድ ምርመራ ቢያልፍ ዋስትናው ይቋረጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ከፊርማ በፊት በጽሑፍ ምላሽ ሊያገኙ ይገባል።

ቅቡን ለማስቀባት አመቺው ጊዜ ተሽከርካሪው ወደ ሥራ ሳይሰማራ ሲሆን፣ ይህ ካልተቻለ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ወቅት ይመረጣል። ከዚያም በኋላ ሥራው አያበቃም። ተሽከርካሪው ለሰርቪስ በሚገባበት ጊዜ ሁሉ የታችኛው ክፍል እንዲታይ፣ የተነሣው ቅብ ወዲያውኑ እንዲታደስና ውጤቱ እንዲመዘገብ ማድረግ የስምሪት ክፍሉ ኃላፊነት ነው። ምርጡ ቅብ እንኳ ክትትል ካልተደረገለት የሚሸፍነው ብረቱን ሳይሆን ጉዳቱን ነው፤ ለተሽከርካሪው የዋለው የሕዝብ ገንዘብና በውስጡ የሚጓዘው ሠራተኛ ደኅንነት የሚጠበቀውም በተመረጠው ቅብና በማይቋረጥ ምርመራ በአንድነት ነው።