ባጃጇ ትቅለል ተብሎ ወገብ አይጎዳም!

ዱርቤቴ ላይ ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

በቀደም አንድ ሹፌር "ሲቀላት ነዳጅ ትቆጥባለች" ብሎ የወንበሩን ስፖንጅ አውጥቶ፣ ወገቡን ይዞ መጣ። ስፖንጁ ቢበዛ ጥቂት ኪሎ ነው፤ አንድ ትርፍ ሰው ግን 60 ኪሎ! የመንገዱ ንዝረት ያለ ስፖንጅ በቀጥታ አከርካሪ ላይ ሲያርፍ ለወገብ ሕመም ያጋልጣል።

ክብደት እንደ ጠላት በሚታይበት ፎርሙላ 1 እንኳን፣ አሽከርካሪዎች ለመቅለል ብለው ራሳቸውን እንዳያስርቡ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አሽከርካሪው ከነወንበሩ ቢያንስ 80 ኪሎ እንዲመዝን ተደንግጎ ነበር። ካነሰ ማሟያ ክብደት ይጨመራል።

ስለዚህ፦
✅ ስፖንጁን መልሱ፤ ትርፍ አትጫኑ
✅ ወገባችሁን በተጠቀለለ ፎጣ ደግፉ
✅ በየሰዓቱ ወርዳችሁ ተንቀሳቀሱ

⚠️ እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ዛሬውኑ ሆስፒታል!

ለሹፌር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።