የመሳቢያ ጥገና

በወጥ ቤታችሁ ካለው ቁም ሣጥን መሳቢያዎች መካከል፣ ሲስቡት አልወጣ፣ ሲገፉት አልገባ የሚል፣ አንዳንድ ጊዜም ከነቢላዋውና ከነሹካው ተነቅሎ በሰው እግር ላይ የሚወድቅ አይገኝምን? ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መሳቢያ ሲያይ ቁም ሣጥኑ በሙሉ አርጅቷል ብሎ ይደመድማል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ያረጀው መሳቢያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃው ሳይጣል በቤት ውስጥ ሊታደስ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የጉዳቱን ምክንያት መለየት ያስፈልጋል። መሳቢያው የሚሄደው በእንጨት ላይ ከሆነና የሚጠብቀውም በክረምት ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ እርጥበት ነው፤ እንጨት ከአየር እርጥበት ሲወስድ በስፋቱ ያብጣል፤ ርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። በዚህ ጊዜ ቸኩሎ በመላጊያ የላገው ሰው፣ በጋ ሲገባ እንጨቱ ስለሚሸሽ መሳቢያውን ላልቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የሚፋተገውን ጠርዝ በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና ማሸት ይቀድማል። የብረቱ ሐዲድ ከተጣመመ ወይም በውስጡ ያሉት ትንንሽ ኳሶች ከወደቁ ግን መለወጡ ይሻላል። በሚለወጥበትም ጊዜ የግራውና የቀኙ በአንድነት መለወጥ አለባቸው፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ መሳቢያው እኩል አይሄድምና።

ሐዲድ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። የአሮጌውን ሐዲድ ርዝመት እንደ ተዘጋ ለኩት፤ አዲሱ ከቁም ሣጥኑ ጥልቀት መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ መሳቢያው የሚገባበትን ክፍት ቦታ ስፋት ከፊትና ከኋላ ለክታችሁ አነስተኛውን ልክ ያዙ። በጐን የሚታሰረው የተለመደው ባለኳስ ሐዲድ በያንዳንዱ ወገን 13 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ክፍት ቦታው 400 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የመሳቢያው የውጭ ስፋት 374 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን መሳቢያው በዚያው ያህል ቢሰፋ ይቀረቀራል፤ ቢጠብም ከሐዲዱ ይወጣል።

የመሳቢያው ሣጥን ራሱ ከተሰነጠቀ በተገኘው ልክ አዲስ ይሠራል። አራቱ ጐኖች በኮላና በቪቴ ከተጋጠሙ በኋላ፣ ኮላው ሳይደርቅ፣ ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን ያሉትን ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች ለኩ፤ እኩል ከሆኑ ሣጥኑ አልተጣመመም።

በመጨረሻ የሐዲዱ አንደኛው ክፍል ከቁም ሣጥኑ ግድግዳ፣ ሁለተኛው ከመሳቢያው ጐን ይታሰራል። በስኳድራና በእርሳስ አግድም መስመር አስምሩ፤ በመስመሩም ላይ ከቪቴው የቀጠነ ቀዳዳ ብሱ፤ አለዚያ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በመጀመሪያ ቪቴውን በሞላላው ቀዳዳ በኩል እሰሩ፤ ይህ ሐዲዱን ከፍና ዝቅ አድርጎ ለማስተካከል ያስችላልና። መሳቢያውን ደጋግማችሁ ከፍታችሁና ዘግታችሁ ከሞከራችሁ በኋላ፣ በክቡ ቀዳዳ በኩል በካቻቢቴ አጥብቁት።

እንግዲህ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ማሰሩ ሳይሆን መለካቱ መሆኑን አስተውሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ በልክ ላይ የተቈጠበች ጥቂት ደቂቃ ኋላ ሙሉ ቀን ታስከፍላለች።