ስለ ሐይቅ ውኃ መበከልና ስለ ተራራው እርሻ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ በደረሰ ጊዜ፥ በስተምሥራቅ በኩል በተራሮች መካከል የተኛውን ሰፊ ውኃ ያያል። ይህ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፥ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎሜትር ያህል፥ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚበልጥ ነው። በዳርቻው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ከተደራጀ ጀምሮ ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ስለ ሆነ የቦታው ስም በታሪክ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ እርሻና ስለ ውኃ ለሚያስብ ሹም ከዚህ ይልቅ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሐይቁ በምድር ላይ መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ከበላዩ ካለው ከሐርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝና ከዙሪያው ተራሮች የሚጎርፉ ጅረቶች ይገቡበታል እንጂ፥ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም።

መውጫ ያለው ውኃና መውጫ የሌለው ውኃ በተበከሉ ጊዜ ሁኔታቸው አንድ አይደለም። ለዚህም ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቦርከና ወንዝ የደሴንና የኮምቦልቻን ከተሞች እድፍ፥ ከኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቅ፥ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች በትናንሽ ወንዞች በኩል የሚደርሰውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአዲስ አበባም የአቃቂ ወንዞች እንደዚሁ የከተማውን ቆሻሻ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ያወርዳሉ። ይህ ከታች ላለው ባላገርና ለከብቱ ትልቅ ጉዳት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም የወንዝን እድፍ ከምንጩ ያቆሙለት እንደ ሆነ፥ የክረምት ጎርፍ እያጠበው በጥቂት ዓመታት ሊጠራ ይችላል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን የገባበትን ሁሉ ያስቀምጣል። ፀሐይ ከላዩ የምታነሣው ንጹሑን ውኃ ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨዉም አፈሩም እድፉም ወደ ኋላ ይቀራል።

በሐይቅ ዙሪያ እንደ ኮምቦልቻ ያለ የፋብሪካ ሰፈር የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ውኃውን የሚበክለው ምን አለ ብሎ ይጠይቃል። በሐምሌ ወር ከዝናም በኋላ ወደ ጅረቶቹ አፍ የወረደ ሰው መልሱን በዓይኑ ያየዋል፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ቀይና ወፍራም ሆኖ፥ ከዳር እስከ ሩቅ ድረስ ጥራቱን ሲያደፈርሰው ይታያል። ያ ቀይ ነገር የተራራው እርሻ ነው።

የዚህም ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ፥ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ይዘጋጃል። የሚዘራውም ክረምቱ በበረታበት በሐምሌ ወር ነው። እንግዲህ ዝናሙ እጅግ በሚከብድበት ሰሞን መሬቱ ምንም ልብስ የለውም። ባላገሩ ውኃ በማሳው ላይ ተኝቶ ቡቃያውን እንዳያበሰብስበት ፈሰስ ያወጣል፤ ይህም ከአባቶቹ የተማረው ብልሃት ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ፈሰሱ ቁልቁል የተቀደደ እንደ ሆነ፥ ዘንድሮ በጣት የሚለካው ቦይ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው የማይሻገረው ሸለቆ ይሆናል። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኢትዮጵያ አፈር መታጠብ የተደረገው የታወቀ ግምት፥ ከታረሰ መሬት በያመቱ ከአንድ ሔክታር በአማካይ 42 ቶን፥ ይህም ማለት 420 ኩንታል አፈር ይሄዳል ይላል። ከዚያው ከአንድ ሔክታር የሚገኘው ጤፍ ብዙውን ጊዜ ከ20 ኩንታል እንደማይበልጥ ሲታሰብ፥ ባላገሩ ለእያንዳንዱ ኩንታል እህል ሃያ ኩንታልና ከዚያም በላይ አፈር ይከፍላል ማለት ነው። በደቡብ ወሎ በማይባር በ1974 ዓ.ም. ገደማ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመውም ይህን ጉዳይ በልኬት ለማወቅ ነበር። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች የተገኘው ትምህርት፥ የዓመቱ አፈር አብዛኛው የሚሄደው በጥቂት ከባድ ዝናሞች መሆኑን ያስረዳል፤ ስለዚህ እርከኑና የውኃ መውረጃው ከነዚያ ጥቂት ቀኖች በፊት ያልተጠገነ እንደ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ እምብዛም አይጠቅምም።

አፈሩም ብቻውን አይወርድም። ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቆ ፎስፎር የሚባለው የአዝርዕት ምግብ አብሮ ይሄዳል። ቀድሞ ለእርሻው ኃይል ይሆን የነበረው የከብት ፍግ፥ እንጨት ከጠፋ ወዲህ ኩበት እየሆነ በምድጃ ይነዳል። በዚያ ፈንታ ባላገሩ ማዳበሪያ በገንዘቡ ይገዛል፤ ይኸውም ቀድሞ ዳፕና ዩሪያ፥ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ነው። ማዳበሪያው በተዳፋት መሬት ላይ በዝናም ዋዜማ የተበተነ እንደ ሆነ ከፊሉ ሰብሉን ሳይመግብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ባላገሩም የማዳበሪያውን ዕዳ ከምርቱ ይከፍላል። ሐይቁን የሚጎዳውና ባላገሩን የሚያደኸየው አንድ ነገር መሆኑን ለሕዝቡ ማስረዳት የሚቻለው ከዚህ ላይ ነው። ውኃው ተበከለ ቢሉት ብዙም ላያስደነግጠው ይችላል፤ የገዛኸው ማዳበሪያ ከታች ለዋቅላሚ ምግብ ሆነ ቢሉት ግን ቆሞ ይሰማል።

በውኃው ውስጥ የሚሆነውም እንዲህ ነው። ፎስፎርና ናይትሮጅን በበዙ ጊዜ ዋቅላሚ የሚባለው ደቃቅ አረንጓዴ ዕፀ ማይ ይበዛል፤ ውኃውም ይለመልምና ብርሃን ወደ ታች እንዳይወርድ ይከለክላል። ዋቅላሚው ሞቶ ወደ ጥልቁ ሲሰጥም በዚያ እየበሰበሰ ለዓሣ መተንፈሻ የሚሆነውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። በእንዲህ ያለ ጥልቅ ሐይቅ የታችኛው ውኃ ከላይኛው ሳይቀላቀል ረጅም ጊዜ ይቆያል። ብርድና ነፋስ በበረቱበት ወራት ግን ተገልብጦ የወጣ እንደ ሆነ ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል፤ በቢሾፍቱ አጠገብ ባሉት ጥልቅ ሐይቆች ይህ ነገር የታየ ነው።

የሐይቅ ውኃ ግን የራሱ የሆነ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በዚህ ሐይቅ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ስፍራ ተወስዶ ተጨመረበት። ዓሣውም ተራብቶ ለብዙ ሰው ምግብና ገንዘብ ሆነ። ይሁን እንጂ ቀድሞ ሐይቁን የመረመሩ ሰዎች ውኃው እስከ ብዙ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ሲያሳይ አግኝተውት ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሲመረምሩት ግን የውኃው ጥራት እጅግ ቀንሶ፥ ዋቅላሚውም በዝቶ ተገኘ። ከፊሎቹ ሊቃውንት ነገሩን ለዓሣው ይሰጡታል፤ ዓሣው ዋቅላሚውን የሚግጡትን ደቃቅ የውኃ እንስሳት ስለ በላቸው ዋቅላሚው ያለ ከልካይ በዛ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከተራራው የሚወርደውን አፈርና እድፍ ይጠቅሳሉ። ሁለቱ ምክንያቶች ተጋግዘው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ለሹም ግን ልዩነት አለው። ዓሣው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ከሐይቁ ማውጣት የሚቻል አይደለም፤ በተራራው ላይ ግን በያመቱ ሊሠራ የሚቻል ሥራ አለ።

ለሰው ጤና ያለው ጉዳትም ቀላል አይደለም። በሜዳ የሚጸዳዱበትን እድፍ ዝናም ጠርጎ ወደ ጅረቱ ሲያገባው፥ ያንኑ ውኃ የሚጠጡ ሕፃናት በተቅማጥና በአንጀት ተስቦ ይያዛሉ። በ2007 ዓ.ም. ገደማ የታተመ ምርመራ ደግሞ በሐይቅ ከተማ የቢልሐርዝያ በሽታ መኖሩን ገልጧል። ይህ በሽታ በሽተኛው በውኃ አጠገብ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ወደ ውኃው ይገባል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎም ልብስ የሚያጥበውን፥ የሚዋኘውንና በመስኖ የሚሠራውን ሰው በቆዳው በኩል ይይዘዋል። ስለዚህ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ብቻውን አያድንም፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ከጅረት ርቆ መቆፈር አለበት። የከተማው ፍሳሽ፥ የመዝናኛ ቤቶች ጥራጊና በውኃው ዳር የሚታጠቡ መኪናዎች ዘይትም የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነዚህ ግን ባለቤታቸው የታወቀ ስለ ሆነ ማስቆም የሚከብድ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለዚህ በቂ ሥልጣን ይሰጣል።

አስቸጋሪው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ውኃ የሸሸበት መሬት ለም ስለ ሆነ፥ መሬት የጠበበው ባላገር ሽንኩርትና ቲማቲም፥ ጫትም ይተክልበታል፤ ከሐይቁ በሞተር ውኃ እየሳበ ያጠጣል፤ ተባይ ሲነሣበትም መድኃኒት ይረጫል። የረጨበትንም ዕቃ በዚያው በሐይቁ ውኃ ያጥባል። በዳርቻው ያለው ሣርና ቄጠማ ከላይ የሚወርደውን አፈር የሚያጣራ ወንፊት ሆኖ ሳለ፥ በእርሻው ምክንያት ይጠፋል። ሹሙ ወሰን ተክሎ ይህን ሰው ከዳርቻው ቢያስነሣው ሕጉን ፈጸመ ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ሌላ መሬት የሌለው ሰው ሌሊት ተመልሶ ያርሳል፤ ባይመለስም ወደ ተራራው ወጥቶ ከዚያ የባሰ ተዳፋት ይቆፍራል። ስለዚህ ዳርቻው ለሣር በተከለለበት ሁሉ፥ ቀድሞ ያረሰው ሰው የሣሩ ባለቤት ሆኖ እያጨደ ለከብቱ እንዲወስድና እንዲሸጥ መብቱ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ከብቱም ወደ ሐይቁ ገብቶ እየረገጠና ኩበት እየጣለ ከሚጠጣ ይልቅ፥ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ገንዳ ቢሠራለት ሁለት ጥቅም ይገኛል።

ስለ ችግኝ ተከላም ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። በየዓመቱ በሐምሌ ከየቀበሌው የሚላከው መዝገብ የተተከለውን ችግኝ ቁጥር ይናገራል። ችግኙን ግን በሐምሌ መቁጠር ቀላል ነው፤ ዝናሙ ሁሉንም ያለመልመዋል። የሚቆጠረው በግንቦት ሊሆን ይገባል፤ በጋውንና የፍየሉን ጥርስ አልፎ የቆመው ያን ጊዜ ይታወቃል። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች የቆሙት በአንድ ዘመቻ የተተከሉ ሆነው ሳይሆን፥ የሚቆርጣቸውን ሰው የሚከለክል ጠባቂ ስላላቸው ነው።

የወረዳ ሹም ሥራው መጥቀሙንና አለመጥቀሙን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ መሣሪያ አያስፈልገውም። በሐምሌና በነሐሴ ከከባድ ዝናም በኋላ በሁለት ነጭ ጠርሙሶች ውኃ ያስቀዳል፤ አንዱ እርከን ከተሠራበት ተራራ ከሚወርደው ጅረት፥ ሁለተኛው ካልተሠራበት ከሚወርደው ይሁን። ጠርሙሶቹ ሳይነቃነቁ ያድራሉ፤ በማግስቱ ከየግርጌው የተኛው አፈር በጣት ይለካል። ለሐይቁ ደግሞ ከዳር ራቅ ብሎ በታንኳ ላይ ሆኖ፥ እኩል ለእኩል በየሜትሩ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ከነጭ ሳሕን ጋር አስሮ፥ ሳሕኑ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ያወርዳል። የሰጠመበትን የቋጠሮ ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በመዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም ሹሙ በተለወጠ ጊዜ ለሚተካው ሰው ከቢሮው ቁልፍ ጋር ይተላለፋል።