አበባ ወይስ ጎመን?

ከምረቃ በኋላ ብዙዎቻችንን የሚጠብቀን የገጠር ት/ቤት፣ አንዲት ክፍልና ጥቂት ሜትር መሬት ነው። በዚያች መሬት ምን እንትከል? አበባ ወይስ ጎመን?

በመሠረቱ አበባን የምንንቅ አይደለንም። ጽጌረዳ ደጅን ያሳምራል፣ መንፈስንም ያድሳል። ነገር ግን በእኛ አገር ሚዛኑ ውሃ ነው። በዋግ ኽምራ ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ጥሎ ይቋረጣል። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ኒሯቅ ሲወረድ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል፤ መሬቱም ቶሎ ይደርቃል። በበጋ ውሃ የሚመጣው በሸክም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የምትሸከመውም ሴት ልጅ ናት፤ ምናልባት የነገ ተማሪያችን። ታዲያ ያች ውሃ ምን ብታበቅል ይሻላል?

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱን ሁላችንም እናውቃለን። ዓላማው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ማስቀረት ነው። እርግጥ ጎመን ብቻውን መቀንጨርን አያስቀርም፤ ጥራጥሬ፣ እንቁላልና ወተትም ያስፈልጋል። ሆኖም የጎመን ቅጠል በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ቫይታሚን ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል፤ ልጁ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል።

እንግዲህ አያያዙ እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ችግኙን ማለዳ ወይም ማታ ማጠጣት፤ እጅና አትክልት የታጠበበት፣ ሳሙና ያልበዛበት ውሃ ይበቃዋል።

2ኛ/ ሥሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን፤ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም።

3ኛ/ የታች የታቹን ቅጠል ብቻ መቅጠፍ። መሐል ያለው ለጋ ካልተነካ ያው አንድ እግር ለወራት ይበላል።

4ኛ/ ሲሠራ እጅግ አለማብሰል፣ የተቀቀለበትንም ውሃ አለመድፋት፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግ። ሰውነት ያንን ንጥረ ነገር በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ነውና። ይህ ለጦምም ይሆናል።

«አበባውስ ቀረ ማለት ነው?» የሚል ቢኖር፣ አልቀረም እንላለን። ሁለት ሦስት እግር ጎመን ሳይቀጠፍ ይቆይ። ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ንብ ይጠራል፣ ቀጥሎም ለከርሞ የሚሆን ዘር ይሰጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጽጌረዳችንን በአጥር ሥር እንተክላለን፤ ያኔ የሚያጠጣው ሰማይ ነው።

የመምህር ጓሮ ተማሪ የሚያየው ሌላው ሰሌዳ ነው። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉት ለተረት ብቻ አይደለም፤ እኛም መጀመሪያ ጎመኑን እንትከል!