«ምን ነካው?» ስለ ሕፃናት የሐሞት ቦይ መዘጋት

ሰው ሲታመም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ነካው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የበሽታውን መነሻ ያወቀ ወደ መድኀኒቱ ይቀርባልና። ይሁን እንጂ መልሱ ሳይገኝ ብዙ ዓመታት የሚያልፉበት፣ በሽተኛው ግን ዓመታት ቀርቶ ጥቂት ወራት እንኳ የማይታገሥበት ጊዜ አለ። የሕፃናት የሐሞት ቦይ መዘጋት የሚባለው በሽታ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ስለሆነ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ልጽፍ ወድጃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛችን ወኔ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን። በዚህ በሽታ ግን መከራው የሚመጣው ሐሞት ባለመፍሰሱ ነው። ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው። ሐሞቱም በቀጭን ቦይ እየወረደ ወደ አንጀት ይገባል፤ እዚያም ቅባት ያለውን ምግብ ለማዋሐድ ይረዳል፣ ለዓይነ ምድርም ቀለሙን ይሰጠዋል። በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ ይህ ቦይ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆጣል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ሆኖ ይደፈናል። መውጫ ያጣው ሐሞት ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበቱን ያበላሸዋል፤ ጉበቱም እየጠጠረ ይሄዳል። በሽታው በአውሮፓ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ያገኛል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም፤ ነገር ግን ካልታከመ ከተያዙት አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ።

ሊቃውንቱን ያስገረማቸው የበሽታው አመጣጥ ነው። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሲወለድ ደኅና መስሎ ይታያል፤ ጡት ይጠባል፣ ክብደትም ይጨምራል። መልካቸው ቁርጥ አንድ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከአባትና ከእናት በዘር የወረደ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከውጭ የመጣ አንድ ጠላት ሳይኖር አይቀርም ተባለ። በ1974 አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ላንዲንግ የአራስ ሕፃናት የጉበት መቆጣትና የሐሞት ቦይ መዘጋት የአንድ ሕመም ልዩ ልዩ መልኮች እንደሆኑ፣ ጀማሪያቸውም ምናልባት ቫይረስ እንደሆነ ጻፈ።

በቀድሞ ጊዜ በገጠራችን ወንጀለኛ ሲሰወር ባላገሩ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ሊቃውንቱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአውጫጭኝ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የተጠቆመው ሪዮቫይረስ የሚባለው ነበር። በ1982 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዚህን ቫይረስ ምልክት በታመሙት ሕፃናት ደም ውስጥ አገኘን አሉ፤ በኋላ የመረመሩት ግን ከፊሎቹ አገኘን ሲሉ ከፊሎቹ አላገኘንም አሉ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ነው። እርሱም በአንዳንዶቹ ሕፃናት ላይ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ዘወትር በመንደሩ የሚመላለስ ሰው ከተሰረቀው ቤት አጠገብ ታየ ተብሎ ብቻ ሌባ አይባልም።

ሦስተኛው ሮታቫይረስ ነው፤ በሕፃናት ተቅማጥ የሚታወቀው። ከዝንጀሮ የተገኘው የዚህ ቫይረስ ዘር በተወለደች ዕለት ለአይጥ ግልገል ቢሰጣት የሐሞት ቦይዋ እንደ ሕፃኑ ቦይ ይዘጋል። ከተወለደች ብዙ ቀን ካለፋት ግን በሽታው አይይዛትም። የሚያስደንቀው ደግሞ ቫይረሱ ከሰውነቷ ከጠፋ በኋላም ጥፋቱ መቀጠሉ ነው። ቫይረሱን ለመውጋት የተነሡት የገዛ አካሏ ዘበኞች፣ ማለት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ጠላት ከሄደ በኋላም ቦዩን መውጋታቸውን አይተዉም። ይህ በሕፃኑም ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሲመጣ የሚያገኘው ቃጠሎውን እንጂ እሳቱን የለኮሰውን አይደለም።

ለተከሳሹ የሚመሰክርም አልታጣም። በአውስትራሊያ በበሪንጃክ ግድብ አጠገብ በ1964፣ በ1988 እና በ2007 በድርቅ ምክንያት ውኃው ሸሽቶ በደረቀው መሬት ላይ የበቀለውን አረም እርጉዞች በጎች ጋጡ። የወለዷቸውም ግልገሎች የሐሞት ቦያቸው የተዘጋ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ሊቃውንት ከዚያው አረም ቦዩን የሚያበላሽ መርዝ ለይተው ቢሊያትሬሶን አሉት። በዚህ ነገር ውስጥ ቫይረስ የለበትም። ደግሞም በኋላ ታመው የተገኙ ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተወሰደ ደማቸው ሲታይ ሐሞቱ ያን ጊዜም መታገድ ጀምሮ እንደነበረ ታውቋል። ስለዚህ ጉዳቱ ከማሕፀን ሊጀምር ይችላል፤ ወደዚህ በሽታ የሚያደርሰውም መንገድ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፍርዱ እስከ ዛሬ አልተሰጠም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልመለስ። በጃፓን አገር በሰንዳይ ከተማ ሞሪዮ ካሳይ የተባለው ሐኪም በ1955 ቀዶ ሕክምናውን ሲጀምር የበሽታውን መነሻ አያውቅም ነበር። ነገር ግን የተደፈነውን ቦይ ቆርጦ አወጣ፤ አንጀቱንም ስቦ ከጉበቱ በር ላይ ሰፋው፤ ሐሞትም በአዲሱ መንገድ ወረደ። ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ይኸው ዘዴ ነው። ምንም እንኳ ብዙዎቹ ልጆች በኋላ ሌላ ጉበት እንዲተካላቸው ቢያስፈልግም፣ ቀዶ ሕክምናው ሕይወት ያስረዝማል። ይሁን እንጂ ጊዜ ይሻል። ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ቢደረግ ተስፋው ይበዛል፤ ቀኑ በገፋ መጠን ተስፋው ይመነምናል።

የታይዋን መንግሥት ይህን ተገንዝቦ ከ2004 ጀምሮ የዓይነ ምድር ቀለም የተሣለበት ካርድ ለእናቶች ሁሉ እንዲደርስ አደረገ። እናቲቱ የልጅዋን ከሥዕሉ ጋር ታስተያያለች፤ የነጣ ከሆነ ወደ ሐኪም ትሮጣለች። በዚህች ወረቀት ምክንያት በጊዜው የሚታከሙት ሕፃናት በዙ። በዚያው አገር የሮታቫይረስ ክትባት ከገባ በኋላ የበሽተኞቹ ቁጥር ዝቅ እንዳለ ያዩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ተከታትሎ መምጣቱ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። በአገራችንም ከ2013 ጀምሮ ይህ ክትባት የሚሰጠው ለተቅማጥ መከላከያ ነው።

እኛስ? በአገራችን የሕፃን ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፤ ፀሐይ ይሙቅ፣ ይለቀዋል» ይባላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ቢጫነት በአብዛኛው በራሱ ስለሚጠፋ ምክሩ የሠራ ይመስላል። የተዘጋን ቦይ ግን ፀሐይ አይከፍተውም። ቢጫነቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ዓይነ ምድሩ ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ፣ ሽንቱም ጠቁሮ ጨርቅ የሚያቀልም ከሆነ፣ ሕፃኑ ቢወፍርም ባይወፍርም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ገና ልጅ አልወለዱም ይሆናል። ነገር ግን እኅት፣ የወንድም ሚስት ወይም ጎረቤት አራስ የሌላቸው ጥቂቶች ናቸው። አራስ ለመጠየቅ ስትሄዱ ቢጫነቱ እንዳልለቀቀው ብትሰሙ የዓይነ ምድሩን ቀለም ለመጠየቅ አትፈሩ። «ምን ነካው?» የሚለውን ሊቃውንቱ ይመርምሩ፤ እኛ ግን ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ እንቁጠር።