ያረጀ ኮምፒዩተር ሜሞሪ ሲጨመርለት

በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ሥራው የዘገየ እንደ ሆነ፣ «ይህስ አርጅቷል፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ይግባ» ይባላል። አንድ መሣሪያ ከክፍሉ በወጣ ቁጥር ግን በቀሩት ላይ የሚጋፉት ተማሪዎች ይበዛሉ። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ የዝግታውን ምክንያት መመርመር ይገባል። ጉድለቱ የሜሞሪ ማነስ ብቻ ሊሆን ይችላልና፤ ይህም አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በጣም ባነሰ ወጪ ይታረማል።

ለመሆኑ ሜሞሪ ምንድን ነው? በኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ እርሱም እንደ ተማሪ ደብተር የተጻፈበትን ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው ራም የሚባለው ሜሞሪ ሲሆን፣ በጥቁር ሰሌዳ ይመሰላል። መምህሩ ለጊዜው የሚያስፈልገውን ይጽፍበታል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይጠፋል። በየኮምፒዩተሩ የምናገኘውን ይህን ዓይነት ሜሞሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሰበው ሮበርት ዴናርድ የተባለ የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት የሚያዘው እጅግ ጥቂት በሆነ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው። ሙላቱ በራሱ እየፈሰሰ ስለሚያልቅ መሣሪያው በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ያድሰዋል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ማደሱ ይቀራል፤ የተጻፈውም ይጠፋል።

ሰሌዳው ጠባብ ከሆነ መምህሩ አንዱን እያጠፋ ሌላውን ከደብተር ለመገልበጥ ይገደዳል። ኮምፒዩተርም ሜሞሪው ሲሞላ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ ሲፈልገውም መልሶ ያመጣዋል። ይሁን እንጂ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሜሞሪ ግን ከዚህ 100,000 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ሜሞሪው አንድ ሴኮንድ የሚፈጅበት ቢሆን ኖሮ፣ ዲስኩ ከአንድ ቀን በላይ ባስጠበቀን ነበር። የዝግታው ምሥጢር ይኸው ነው።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይደረጋል? ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን መክፈት ይበቃል። የተለመደው ሥራ እየተሠራ ሳለ ሜሞሪው ከመቶ 90 በላይ ተይዞ ከቆየ፣ ዲስኩም ዕረፍት ካጣ፣ ሜሞሪ አንሷል ማለት ነው። ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ ግን ሜሞሪ መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል፤ ምክንያቱን ከዲስኩ፣ ከቫይረስ ወይም ከአቧራ መፈለግ ይሻላል።

ሜሞሪም ሁሉ አንድ አይደለም። ዲዲአር 3 እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲዲአር 4 በ2014 ለገበያ የወጡ ናቸው። ለዴስክቶፕ ከሚሠሩት የፊተኛው 240፣ የኋለኛው 288 የመገናኛ ጥርሶች አሉት። ዲዲአር 2 ደግሞ ጥርሱ እንደ ዲዲአር 3 ሁሉ 240 ቢሆንም፣ ከሥሩ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ስለዚህ ገበያ ከመሄድ በፊት በአሮጌው ሜሞሪ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ገልብጦ መያዝ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። ትልቁ ዓይነት አራት ማስገቢያ አለው፤ ዲዲአር 3 ብቻ ይቀበላል፤ እስከ 32 ጊጋባይትም ይይዛል። ሁለት ባለ 2 ጊጋባይት ካሉት፣ ሁለት ባለ 4 ሲጨመሩለት 12 ጊጋባይት ይሆናል። እኩል የሆኑትን በጥንድ ማስገባት ንባቡን ያፈጥናል። ነገር ግን የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው ትርፍ ሆኖ ይቀራል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከግድግዳ መንቀል፤ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ቀሪውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት።

2ኛ፤ ክዳኑን ከፍቶ ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት መንካት። በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ሜሞሪውን ሊያቃጥለው ይችላልና።

3ኛ፤ ሜሞሪውን በጠርዙ ይዞ፣ ጥርሶቹን ሳይነኩ፣ ቁርጡን ከማስገቢያው ጋር ማግጠም።

4ኛ፤ የግራና የቀኙ መቆለፊያ ቀጭ እስኪል ድረስ ሁለቱን ጫፎች እኩል መጫን። እንቢ ካለ አቅጣጫውን ማየት እንጂ በጉልበት መግፋት አይገባም።

5ኛ፤ አስነሥቶ የሜሞሪው መጠን ማደጉን ማረጋገጥ። ካልተነሣ ገመዱን እንደ ገና ነቅሎ ሜሞሪውን አውጥቶ በደንብ መመለስ።

ሆኖም ሜሞሪ የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ከላይ የጠቀስነው ዓይነት ኮምፒዩተር ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም፤ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስን ግን ያስኬዳል። በዚህ ዓይነት ለመጣል የታሰበ መሣሪያ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለፕሮግራም ትምህርት ሊያገለግል ይችላል። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ግምጃ ቤት የገባ ኮምፒዩተር ብታዩ መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ መርምሩት፤ የጎደለውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚሞላው።